ለቤጎንያ የተተከለ ድንኳን

አዋሽ ላይ ጥላ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ የባቡር ጣቢያው በረንዳና የእኔ ሻይ ቤት። የቀረው የፀሐይ ነው። ከወሎ ወርጄ እዚህ ስከትም የቤት ክዳን ላይ እንቁላል ይጠበሳል ሲሉኝ የሥራ ፈት ወሬ መስሎኝ ነበር። በኋላ ራሴ ጠብሼ በላሁ። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር የጫካ ቅጠል ላሳድግ የተነሳሁት አብጄ አይደለም። የልጅ ልጄን ላለመስጠት ነው።

የልጅ ልጄ ሰዓዳ ትባላለች። እናቷ በጨቅላነቷ ስለሞተችባት ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ጣቢያው ላይ ትኬት ትቆርጣለች። ስለ እሷ የማልፈራው ነገር የለም። ባቡር ሲመጣ ሐዲዱ ዳር ትቆማለች ብዬ እፈራለሁ፤ ሲዘገይ ደግሞ ምን አጋጥሞት ይሆን ብዬ እፈራለሁ። አዞ እፈራለሁ፣ ስብሰባ እፈራለሁ፣ ያልፈላ ውሃ እፈራለሁ። እሷም ታውቀኛለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ የዛሬውን ፍርሃት ንገሪኝና ልሂድ» ትለኛለች።

አብዮቱ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር ከድሩ የሚባል ልጅ የመጣው። ከሚሴ ተወልዶ ጎሬ የተመደበ የደን ሠራተኛ ነው። ለሥልጠና ወደ ድሬዳዋ ሲያልፍ ባቡሩ እዚህ ሲቆም ሻይ ሊጠጣ ገባ። ሲመለስም ገባ። ከዚያ ወዲህ ሥልጠና በሌለበት ጊዜም መምጣት አመጣ። እኔ ሻይ የሚወድ መስሎኝ ነበር።

ኋላ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዘሩና ስለ ዲኑ ሲዘረዝሩልኝ እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ጎሬ እንዴት ያለ አገር ነው? አንዳቸውም አላዩትም። ከድሩን ራሱን ከጣቢያው አስጠሩት። እሱም ፊቱ በርቶ ነገረኝ። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም አለ። ጫካው ከመጠቅጠቁ የተነሳ በቀትር ይጨልማል አለ። ድንጋዩ ሳይቀር አረንጓዴ ለብሷል አለ። ሰው ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ እንዲህ ይናገራል? ሰዓዳ እኮ አዋሽ የበቀለች ልጅ ናት፤ ደመና ስታይ ሹራብ የምትፈልግ። እዚያ ሄዳ ልብሷ ሳይደርቅላት፣ ደረቷ ሳይሞቅላት እንደ ቆየ ዳቦ ሻግታ ልትቀር ነው። ፀሐይ ያጣች ዕለት ትታመምብኛለችና አልሰጥም ብዬ ቁርጡን ነገርኩት።

ከድሩ አልተቆጣም። በጥቅምት ሲመለስ የብስኩት ቆርቆሮ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ እነዚያኑ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ቅጠል ነው። ቤጎንያ ትባላለች አለኝ። ሰው የተከላት አይደለችም፤ ጎሬ ጫካ ውስጥ፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ውሃ የሚያዝበው ድንጋይ ላይ በራሷ ጊዜ የምትበቅል ናት። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ግንዷ እንደ ዝንጅብል የተቆላለፈ ሆኖ አፈሩ ላይ ተጋድሟል። ከእሱ ላይ ፀጉራም ቀያይ ዘንጎች ቆመዋል፤ ቅጠሎቿ አንዱ ጎናቸው ሰፊ፣ ሌላው ጎናቸው ጠባብ ነው። አላህ ሲፈጥራት ቸኩሎ ነበር እንዳልል ምላሴን ያዝኩት።

«እማማ» አለኝ፣ «እዚያ የበቀለችው ይቺ እዚህ አዋሽ ከኖረች፣ እዚህ ያደገችው ሰዓዳም እዚያ ትኖራለች።»

«ካልኖረችስ?»

«ካልኖረች ሰዓዳ እዚሁ ትቅር። እኔም አርፌ ሻይዬን እጠጣለሁ።»

የካቲት ላይ መጥቶ ሊያያት ተስማማን፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ቃሌን ሰጠሁ። በሆዴ ስቄ ነበር። ይቺ ቅጠል ጁምዓን አታይም አልኩ።

ሊሄድ ሲል እስከ ጣቢያው ሸኘሁት፤ እሱም አደራውን ይዘረዝርልኝ ጀመር። ያ ዝንጅብል መሳይ ግንዷ አፈር አይልበስ፤ አፈሩ ላይ ተኝቶ ነው የሚሳበው፣ ከቀበሩት ይበሰብሳል። ፀሐይ ፊት ለፊት አይንካት፤ ጨለማም አይዋጣት። አፈሯ የበሰበሰ ቅጠል እንጂ ጭቃ አይሁን። እግሯ ውሃ ውስጥ አይቁም፤ አየሯ ግን እርጥብ ይሁን። አዋሽ ላይ አየር የሚረጥበው እንዴት ነው ብዬ ሳልጠይቀው ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ከድሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የመጨረሻ አንድ ነገር ጮኾ ነገረኝ፤ ፉጨቱ ዋጠው። እኔም ገባኝ እንደሚል ሰው እጄን አወዛወዝኩለት። ለምትሞት ቅጠል ምን አጨቃጨቀኝ?

የዚያኑ ዕለት ቆርቆሮዋን አውጥቼ ደጃፉ ላይ አኖርኳት። እንዲያው በግልጽ፣ ፀሐዩ ላይ። አንድ ደንበኛ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ እስኪነሳ ቅጠሎቿ ጠውልገው፣ እንደተቆጡት ልጅ አንገቷን ደፋች። እኔ ወዲያ ዞርኩ። ወዲህ ዞርኩ። ስኳር ልጨምር ብዬ ብርጭቆው ውስጥ ጨው ጨመርኩ። ከዚያ ልቤ አልቻለም። ለሰዓዳ ብዬ ያወጣኋትን ለራሷ ብዬ አስገባኋት።

ሰዓዳ ከሥራ ስትመጣ እንስራው ጥግ አስቀምጬ በነጠላዬ ጫፍ ሳራግብላት አገኘችኝ። እንድትሞት ነው ወይስ እንድትኖር ነው የምትፈልጊው አለችኝ። በራሷ ጊዜ ትሙት እንጂ እኔ ቤት ገብታ ተጠምታ አትሞትም አልኳት። ሰዓዳ ሳቀች። ያን ሳቅ ዛሬም አልወደውም።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት አሳር ነው። እንስራው የሚያልበው ላብ ቅዝቃዜ ስላለው ቆርቆሮዋን ከሥሩ በጠጠር ከፍ አድርጌ አስጠጋኋት። መስኮቱ ላይ የዱብቲ ጥጥ የመጣበትን ጆንያ በውሃ አርሼ ሰቀልኩ። እሱ ሲደርቅ ሌላ ሰቀልኩ። ማንቆርቆሪያውን ከጓዳ አውጥቼ እንፋሎቱ ወደ እሷ እንዲሄድ ሻይ ቤቱ መሐል ጣድኩት። የበሰበሰ ቅጠል ደግሞ አዋሽ ላይ ከየት ይመጣል? የባቡር ፍሬን ያዡን ይገዙን ወንዙ ዳር ካሉት ግራሮች ሥር እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። አዞ ስለምፈራ እያዘፈንኩ ነው የላክሁት፤ ዘፈኑ ሲቋረጥ ሰው እንድልክለት። ይገዙ ድምፁ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም፤ አዞዎቹም ሳይሸሹ አልቀሩም።

ደንበኞቼ ተማረሩ። ውጭው እሳት፣ ውስጡ ጨለማና እንፋሎት ሆነ። ሻይ ቤት ነው የገላ መታጠቢያ ብለው ጠየቁኝ። አንዳንዱ ፎጣ ይዞ ይመጣ ጀመር። ይገዙ ደግሞ አንድ ቀን ሎሚ አልቆብኝ ሳለ ከቤጎንያዋ ላይ ጥግ ቀንጥሶ ቀምሶ፣ ኮምጣጣ ናት ብሎ ብርጭቆው ውስጥ ጨመራት። ያን ዕለት በማማሰያ ነው ከሻይ ቤቱ ያስወጣሁት። እስከ ወሩ መጨረሻ ሻዩን በር ላይ ቆሞ ይጠጣ ነበር።

ከአዳይቱ በኩል መጥታ ወተት የምትሸጥልኝ አፋሯ ሀምዳ ቅጠሏን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ፍየል ይበላታል ወይ አለችኝ። አታስበይው አልኩ። ወተት ትሰጣለች? አትሰጥም። ጥላ ትሆናለች? እሷ ራሷ ጥላ ፈላጊ ናት አልኳት። ሀምዳ ወተቷን እየቀዳች፣ «እኛ ውሃ ፍለጋ ስንሄድ እንውላለን፤ አንቺ ቅጠል ታጥቢያለሽ» አለችኝ። ግን ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር ሰላምታዋን ከእኔ ቀድማ ለቆርቆሮዋ ታቀርብ ጀመር። ለማሾፍ ነው። መሰለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለች ኖረች። አዲስ ቅጠል አወጣች፤ ዝንጅብል ግንዷ የቆርቆሮውን ከንፈር አልፎ እጇን እንደሚሰድ ሕፃን ወጣ። እኔም መደሰቴን ሳላውቅ ጎረቤት እየጠራሁ አሳይ ነበር። ካሳየሁ በኋላ ጓዳ ገብቼ ልጄን በገዛ እጄ እያስረከብኩ ነው ብዬ እበሳጫለሁ። ከዚያ ደግሞ ጆንያው ደርቆ ይሆን ብዬ እወጣለሁ።

ጥር ሲገባ ግን አንዱ ቅጠል ወይቦ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላው። ጆንያ ጨመርኩ፣ እንፋሎት ጨመርኩ፣ ከቁርአን ያሲን አስቀራሁባት። አልሆነም። በመጨረሻ በነጠላ ጠቅልዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወረፋ ጠብቄ ስገባ ድሬሰሩ ገብረሥላሴ ሕፃን መስሎት ነጠላውን ቀስ ብሎ ገለጠ። ደግ ሰው ነውና እጁን ግንዷ ላይ አኑሮ፣ ትኩሳት የላትም፣ ወደ ቤት ይዘሽ ግቢ አለኝ። ከኋላዬ የነበሩት እናቶች ዕድሜዋን ጠየቁኝ።

በዚያው ሰሞን ሰዓዳ ለሥራ ጉዳይ በባቡር ድሬዳዋ ሄደች። በሄደች በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የመጨረሻዋ ቅጠል መሬት ላይ ወድቃለች። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው የደረቀ ዝንጅብል የሚመስል ነገር ብቻ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አሸንፌያለሁ፤ ልጄ አትሄድም። ደስታው ግን አልመጣም። ቆርቆሮዋን ይዤ ግቢው መሐል ወጣሁና መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ከሩቅ አገር እኔን ብላ መጥታ፣ ጎኗ የተጣመመው ምስኪን፣ በእጄ ላይ አለቀች ብዬ አነባሁ።

ጎረቤቴ ባይሽ የሐዲድ ቀያሪው ሚስት ናት፤ በአጥሩ በላይ አየችኝ። ሴት መሬት ተቀምጣ ወገቧን አስራ ስታለቅስ ያየ ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በእኛ ዘንድ ለቅሶኛን ማን ሞተብሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ የሞተውን ከጎን ካለው ሰው ቀስ ብሎ መስማት ነው። ከባይሽ ጎን ያለሁት ሰው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ ባይሽ በቅጠሏ እንዴት እንደደከምኩ ስለምታውቅ ያዘነችልኝ መሰለኝ። እንዴት ያለች ጎረቤት ናት ብዬ ባሰብኝ። እኔ ሲብሰኝ እሷም ባሰባት። ሁለታችንን የሰሙ ሌሎች ሴቶች መጡ። ከዚያ ደንበኞቼ መጡ። ይገዙ ከእነ ሻይ ብርጭቆው መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ እገዳው መነሳቱን ገና አልሰማም ነበር። ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ነው የሚያለቅሰው።

ወዲያው የቅሬው ሰዎች ደረሱ። እኛ ወሎዬዎች በሄድንበት ሁሉ ቅሬ አለን፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ቀባሪ የሚያቆም ማኅበር ነው። ዳኛው ሼህ ሙሐመድሰዒድ ናቸው። ድንኳኑ ግቢዬን ሞልቶ ተተከለ። በርሜል ውሃ ተንከባሎ ገባ፤ ንፍሮ ተጣደ። ቆርቆሮዋን አንዱ ከመንገድ አንስቶ በርሜሉ አጠገብ፣ ወንዶቹ ለሶላት ውዱእ እያደረጉ የሚታጠቡበት ድንጋይ ላይ አስቀመጣት።

ድንኳኑን ሳይ እንባዬ ቆመ። ለቅጠል ድንኳን? ሼህ ሙሐመድሰዒድ ድረስ? አንዴ ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ ማንም አያወራኝም። ያኔ ገባኝ። መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። ሰው አስቀድሞ ይሰበሰባል፤ ለባለቤቱ በመጨረሻ ይነገራል። ሰዓዳ ባቡር ላይ ናት። እኔ ቅጠል ሳለቅስ እነሱ የልጄን ሞት ይዘው መጥተዋል።

«ንገሩኝ» አልኳቸው። «ሰዓዳ ናት?»

የሚያውቅ ስለሌለ የመለሰልኝ የለም። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። እኔ አዎ ማለታቸው መሰለኝና ወደቅኩ። እነሱ ደግሞ የጥያቄውን መልስ ከእኔው አገኙት። ሰዓዳ ናት ለካ ተባባሉ። ከዚያ ወዲያ የነበረውን ጩኸት አልነግራችሁም፤ ሀምዳ የወተት ዕቃዋን ጥላ ስትገባ ትዝ ይለኛል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጥጋቡ ሽጉጡን እንደታጠቀ መጥቶ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ይገዙ ወደ ድሬዳዋ እንደውል ብሎ ጣቢያ ሮጠ፤ ስልኩ እንደ ልማዱ አይሠራም። ሬሳው በነገው ባቡር ይመጣል የሚል ወሬ ከየት እንደተነሳ እንጃ፣ ተነሳ።

ያንን ቀንና ያንን አዳር ምን ብዬ ልናገረው። በሕይወቴ ስፈራው የኖርኩትን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጡት፣ አይደርስበትም። ሌላው ሰው ግን ሥራውን ይሠራል። ድንኳኑ ፀሐዩን ጋርዷል። የንፍሮው እንፋሎት ወጥቶ ሸራው ሥር ይተኛል። ወንዶቹ ሶላት በደረሰ ቁጥር በርሜሉ ጋ ውዱእ ያደርጋሉ፤ ውሃው በድንጋዩ ላይ እየሳሳ ይወርዳል። ያንን ያስተዋለ አልነበረም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከአዲስ አበባ የሚወርደውና ከድሬዳዋ የሚወጣው ባቡር እንደ ሁልጊዜው አዋሽ ላይ ተገናኙ። ከአዲስ አበባው የወረደው ከድሩ ነው፤ የካቲት እስኪደርስ አላስችል ብሎት። ይገዙ እንባውን እየጠረገ ተቀበለው፤ ሰብሰብ አድርጎ አቅፎ፣ ወንድሜ ጠንክር፣ ሰዓዳን አጥተናታል አለው። ከድሩ በይገዙ ትከሻ ላይ አሻግሮ ቢያይ ሰዓዳ ሻንጣዋን ይዛ ከወዲያኛው ባቡር ስትወርድ አየ። እዚያው ቁጭ አለ። እሷን ደግሞ አንዲት ብርቱካን ሻጭ አያትሽ ቤት ድንኳን ተተክሏል አለቻት። የአያት ቤት ድንኳን የማን ነው? ሻንጣዋን ጥላ ሮጠች።

እማዬ እያለች ስትጮህ ሰማሁ። ድምፁ የጀነት መስሎኝ አላህ ሊወስደኝ ነው አልኩ። ድንኳኑን ገልጣ ስትገባ እኔን ተቀምጬ አየችኝ፤ እኔም እሷን ቆማ አየኋት። ሁለታችንም ጮኽን። ለቅሶኛው ሁሉ ጮኸ። ባይሽ አግዳሚ ላይ ወጣች። ሼህ ሙሐመድሰዒድ አዑዙ ቢላሂ እያሉ ጀበና ያዙ፤ በጀበና ምን ሊያደርጉ እንደነበር እስካሁን አይነግሩኝም። ሰዓዳ መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔም መልሼ ቆነጠጥኳት። አመማት። አልሐምዱሊላህ።

ጩኸቱ ሲበርድ ያልተጠየቀው ጥያቄ መጣ። ታዲያ የሞተው ማን ነው? አንዱ አንዱን አየ። እኔ ባይሽን ተከትዬ ነው አለ አንዱ። ባይሽ፣ እኔ እትዬ ሀጂራን ነው ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ሊቀመንበር ጥጋቡ ጉሮሮውን ጠረገ። ትናንት በሕዝብ ፊት እንደዚያ በማልቀሱ ከፍቶታል። በዚያን ጊዜ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ቀልድ አልነበረም፤ የሚፈቀደው ለቅሶና ሠርግ ነው። ይህንን ለሁላችንም አስታወሰ። ሙሉ ከተማ ተሰብስቦ፣ ድንኳን ተክሎ፣ አድሮበታል። የበላይ አካል ምን ነበር ብሎ ቢጠይቀው ምን ይላል?

«ወይ ሬሳ አሳዩኝ» አለ፣ «ወይ ሙሽራ።»

ሬሳ አለ አልኩት። በርሜሉ ጋ ሄጄ ቆርቆሮዋን አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። ቤጎንያ ናት፤ ከጎሬ የመጣች፤ ትናንት ጠዋት አረፈች። ሀምዳ ናት መጀመሪያ የሳቀችው፣ አፏን በሻሽዋ ይዛ።

ከድሩ በይገዙ ተደግፎ በዚያች ሰዓት ገባ። ማንም ሳይነግረው ቆርቆሮዋ ፊት ተንበረከከ፤ ግንዷን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገ።

«አልሞተችም እኮ» አለ። «በበጋ ቅጠሏን ታራግፍና ታርፋለች፤ እንዳይደነግጡ ብዬ በባቡሩ መስኮት ነግሬዎት ነበር።»

ፉጨቱ የዋጠው ያ ነበር ማለት ነው። ከድሩ ግን ሌላም ነገር እያየ ነበር፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት። ውዱእ ያረጠበው፣ ድንኳን ያጠለለው ግንድ ጫፍ ላይ፣ የሕፃን ጭብጥ የመሰለች ቀይ እንቡጥ ወጥታለች። ከስፒል ራስ አትበልጥም። ትናንት ኖራ ይሁን ዛሬ የወጣች አላውቅም።

ከድሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቅጠል ግን የላትም፤ አልኖረችም ብለው ቢፈርዱ ቃሌ ቃል ነው፣ እመለሳለሁ አለኝ። የሰማነው ሦስታችን ብቻ ነን። ሰዓዳን አየኋት። እኔን አይደለም የምታየው፣ እንቡጧን ነው። ከንፈሯን ነክሳለች።

ጎሬ ትናንት ጠዋት የዓለም ዳር ነበረ። ከትናንት ቀትር እስከ ዛሬ ቀትር ሰዓዳ በእኔ ልብ ከነበረችበት መቃብር አንጻር ግን ጎሬ ጎረቤት ነው። አውቶቡስ ይሄድበታል። ሰው ይመለስበታል።

«ኖራለች» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሙሽራ አለ።»

ሼህ ሙሐመድሰዒድ ጀበናውን አስቀምጠው ኒካሑን እዚያው፣ ያው ድንኳን ሥር አሰሩ። እልል የሚል ሰው ግን ጠፋ። ሁሉም ሲያለቅስ አድሮ ጉሮሮው ተዘግቷል፤ የወጣው እልልታ ጉንፋን የያዛት ፍየል ድምፅ ነበረው። ንፍሮው ለሠርግ ተበላ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። መህሯ፣ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ስጦታ፣ ምን ይሁን ተብላ ስትጠየቅ ሰዓዳ ወርቅም ጨርቅም አልፈለገችም፤ በየበጋው ወደ አዋሽ መምጫ ትኬት አለች። ቅጠሏን የምታራግፍበትና የምታርፍበት ጊዜ ያስፈልጋታል ብሎ ከድሩ ወዲያው ተስማማ።

ቤጎንያዋን ከሁለት ከፈላት። አንዱ ጉማጅ ከእነሱ ጋር ወደ አገሯ ተመለሰ፤ እንቡጧ ያለችበት ለእኔ ቀረች።

ጣቢያው ላይ ስሸኛቸው አደራ የምሰጠው ተራ የእኔ ነበር። ከድሩን ክንዱን ይዤ ዘረዘርኩለት። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ፊት ለፊት ትንካት። እግሯ እርጥብ መሬት ላይ አይቁም፤ አልጋዋን ከፍ አድርግላት። ልብሷ ሳይደርቅ አትልበስ። ቤት ውስጥ ዘግተህ አትቅበራት፤ ከሰው ጋር ትዋል። ስትጠወልግ ካየህ አትቁጣት፣ ከዚያ ቦታ አንሳት። እሱም እያንዳንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ። ሰዓዳ ከኋላው፣ «እማዬ፣ የዛሬው ፍርሃት አለቀ?» አለችኝ። ገና ነው አልኳት።

ባቡሩ ተነሳ። ከጎኑ እየሮጥኩ የመጨረሻውን ጮኼ ነገርኳቸው፤ ፉጨቱ ዋጠው። ሁለቱም ገባን እንደሚሉ ሰዎች እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

ዋናው ደግሞ እሱ ነበር። እዚያ አገር የሚወርደውን ዝናብ ሁሉ ሳታፈላ እንዳትጠጣ ነበር።